ሦስት ሺህ የማትሞላው ጂፕ

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ዘይት ላስቀይር ገብቼ፣ ልጁ ከሥር ተንጋሎ ቡሎኑን ሲፈታው፣ ያ ጥቁር ነገር እየተንዠቀዠቀ ባልዲው ውስጥ ሲወርድና ሽታው፣ ግማሹ ጭስ ግማሹ ብረት የሆነው ያ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ ዓይኔ ሳላስበው ጣሳ የያዘ ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አለ። አንድም ሰው አልነበረም። ይህን የመሰለ ዘይት፣ እጅ የሚነሣለት አንድ ሰው እንኳ ሳያገኝ፣ እንደ እጣቢ በርሜል ውስጥ ተደፋ። ልጁ መስታወቴ ላይ ወረቀት ለጥፎ፣ «ጋሼ፣ አምስት ሺህ ሲሞላ ይመለሱ» አለኝ፤ እኔ ግን በሐሳቤ አምቦ ደርሻለሁ።

አምቦ፣ እኛ ሰፈር፣ በንጉሡ ዘመን፣ የመኪና ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር የሚወስነው መካኒክ አልነበረም፤ ግራዝማች በላቸው የሚባሉ ቁመታቸው አጭር፣ ካባቸው ረጅም የሆነ ሰው ነበሩ። ግራዝማችነቱን ከየት እንዳመጡት የሚያውቅ የለም፤ ከጦር ሜዳ ነው ሲል የሰማሁት ሰው ቢኖር እርሳቸው ራሳቸው ብቻ ናቸው። ሀብታቸው አንዲት አረንጓዴ ጂፕ ነበረች፤ በሰፈሩ ያለችው መኪና እርሷ ብቻ ስለሆነች፣ ሾፌራቸው ታዬ በየጠዋቱ ጌትየው ፊታቸውን ከሚታጠቡት የበለጠ ጊዜ ወስዶ ያጥባት ነበር።

ሰፈራችን ደግሞ ምስጥ የነገሠበት ሰፈር ነው። ማታ በር ላይ ጥለኸው የገባኸው ዱላ ጠዋት ቅርፊቱ ብቻ ይጠብቅሃል፤ አንድ ጎረቤታችን ዕድር ላይ ከዘራውን ተደግፎ ረዘም ያለ ንግግር ሲያደርግ፣ ንግግሩ ሳያልቅ ከዘራው ከሥሩ አልቆ ሰውየው ወደቀ ቢባል፣ አይቻለሁ ብዬ የምምለው እኔ ነኝ። ታዲያ ታዬ የጂፒቱን የመጀመሪያ የተቃጠለ ዘይት የጌታው አጥር ቋሚዎች ላይ ቢቀባው፣ ምስጡ ያን አጥር ንክች ሳያደርግ ዞሮ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዘይት የሚቀየርበት ቀን እንደ በዓል ሆነ። በሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይቀየር ብሎ መኪናዋን የሸጠላቸው ሰው ነግሯቸው ስለነበር፣ ግራዝማችም መጀመሪያ ላይ ቃሉን አከበሩ፤ ሰፈሩ ጣሳና ሰባራ ማሰሮ ይዞ በራቸው ላይ ይኮለኮላል፣ ታዬ በጭልፋ ያድላል፣ እርሳቸው ጸበል የሚያስረጩ ይመስል ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከደን ያደርጋሉ።

ሰውየው ለሌላው ነገር ሁሉ ድፍን ቢሆኑም ለአንድ ነገር ንቁ ነበሩ፤ የሰላምታን ጥልቀት በዓይናቸው ይለኩ ነበር። ዘይቱ ሊቀየር ሲል የሰፈሩ ሰው ግንባሩ ጉልበቱን እስኪነካ እጅ ይነሣል፤ በተቀየረ ማግስት ግን ጣሳው ሞልቷልና ያው ሰው አገጩን ብቻ ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ይህን አዩና አሰቡበት። ማሰብ ልማዳቸው ስላልነበር ሁለት ወር ፈጀባቸው፤ አስበው ሲጨርሱ ዘይት መቀየር አቆሙ።

«ጌታዬ፣ ዘይቱ እኮ ጠቁሯል» አላቸው ታዬ አንድ ቀን።

«እኔስ ጠቁሬ የለም? ማን ቀየረኝ?» አሉት።

«ገና ናት፣ ሦስት ሺህ ስትሞላ» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአፋቸው አልጠፋም። እኛም ብንሆን ከእርሳቸው አንሻልም፤ በዘገየ ቁጥር አጎንባሹ እየበዛ፣ ወገቡም እየተለመጠ ሄዶ፣ አንዲት ጎረቤታችን ባዶዋን ለቆመችው ጂፕ «እንደምን አደርሽ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አባቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። ለግራዝማች ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ቀጥ ብሎ ከማለፍ በቀር ወገቡን አጥፎ አያውቅም። በዚያ ዓመት ግን ዕድሜ ልካችንን ከኖርንበት የኪራይ ቤት ወጥተን የራሳችንን ልንሠራ ቦታ አግኝተን፣ የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ ተቆርጠው ግቢ ውስጥ ተጋድመው ነበር፤ አከራያችንም ቤቱን ለክረምቱ ለዘመዷ ስለፈለገችው ከሰኔ በፊት ልቀቁ ብላናለች። ግንቦት ገባ። ጠዋት ጠዋት አባቴ ቋሚዎቹን በጣቱ ሲያንኳኳቸው፣ እየሳሳ የሚሄድ ድምፃቸውን እኔ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማ ነበር። ዘይት ከሌላ ቦታ እንዳያመጣ፣ በከተማው የሚያልፉት የጭነት መኪኖች የሚቀይሩት አዲስ አበባ ሄደው ነው።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ አባቴ ግራዝማች በር ላይ ቆመ፤ ባርኔጣውን አወለቀና ወገቡን አጥፎ እጅ ነሣ። የአባቴን መሐል አናት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ መመለጥ ጀምሮ ነበር።

«ግራዝማች፣ ያቺ ዘይት… ቤት ልሠራ ነበር» አለ።

«ገና ናት፣ አስተማሪ። ሦስት ሺህ ስትሞላ።»

አባቴ በጂፒቱ መስኮት በኩል የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ሰረቅ አድርጎ አየ። «ከተቀየረ ወዲህ ዘጠኝ ሺህ አልፋለች እኮ፣ ግራዝማች። ሞተሩን ይጎዳዋል።»

«አንተ ልጆቹን አስቆጥር!» አሉት። «የእኔን መኪና እኔ እቆጥራለሁ።»

ሳምንት አልሞላም። ግራዝማች ጌዶ ለተዝካር ተጠርተው ሲሄዱ፣ ጉደርን አልፈው ዳገቱ ላይ ሞተሩ አንዴ ጮኸና ቀጥ አለ። አራት በሬዎች ጎትተው አመጧት፤ ታዬ ከበሬዎቹ ፊት በእግሩ፣ ግራዝማች ካባቸውን እንደደረቡ መሪውን ይዘው፣ አልፎ አልፎም በሬዎቹን በጡሩምባ እየገሠጹ ከተማ ገቡ። ሰፈሩ ግን አላዘነም፤ ሞተሩ ሊፈታ ነው፣ ዘይቱ ሊወርድ ነው ብሎ ጣሳውን ይዞ እየተጋፋ ግቢያቸውን ሞላው። ታዬ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈታ። ምንም ጠብ አላለም። በእንጨት ቢጎረጉረው እንደ አደረ ሽሮ የረጋ ነገር ዱብ አለ።

«በቢላ እየቆረጥኩ ላካፍላችሁ?» አለ ታዬ።

አባቴ ቤት ተመልሶ ቋሚዎቹ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከደንዲ መጥተው ከጓሯችን የሚኖሩት ኦቦ ፈይሳ፣ ቤት በመሥራት ያረጁ ሰው፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ፣ መምህር?» ብለው ሰላም አሉትና እንጨቱን አዩት።

«መሬት የሚገባውን ጫፉን በእሳት ለምን አትለበልበውም? ከሰል እስኪመስል። ምስጥ ከሰል አይበላም።»

አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። «ኦቦ ፈይሳ፣ እስከ ዛሬ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ማን ጠየቀኝ? ከተሜው ሁሉ ጎንበስ ቀና ሲል ሳይ፣ ዘይቱን ለሆድ ቁርጠት የምትጠጡት መስሎኝ ነበር።»

ልክ ነበሩ። ያ ሁሉ የተማረ፣ ያ ሁሉ ማዕረግ የሚቆጥር ሰፈር፣ በአንድ አጥር ተለይተው የሚኖሩትን አናጢ ከመጠየቅ ለጂፕ ጎማ ማጎንበስ ቀሎት ነበር። የተበሉትን ትተን የተረፉትን ቋሚዎች ለበለብናቸው፤ ቤታችን ካሰብነው በአንድ ክፍል ቢያንስም ክረምቱ ሳይገባ ቆመ።

ጂፒቱ ከዚያ ግቢ አልወጣችም። ሰፈሩም በማግስቱ አንገቱን አቀና፤ ጉልበቱን በግንባሩ ሲነካ የከረመው ሁሉ በግራዝማች በር እያፏጨ ማለፍ ጀመረ። አባቴ ብቻ በየጠዋቱ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ የዚያን ቀን ያህል ጎንበስ ይላል፤ አንዲት ጣት አልቀነሰም። ከጎኑ ሆኜ በኀፍረት እሳቀቅ ነበር። እናቴም አልቻለችም።

«ዘይት የለ፣ መኪና የለ፤ አሁን ምን ቀርቶህ ነው?» አለችው።

«ዛሬ ብተወው፣ ያን ቀን እጅ የነሣሁት ለዘይቱ ነበር ማለት ነው» አላት።

ግራዝማች እስኪሞቱ ድረስ አልተወም። እኔ ሳቅሁበት፤ አጎነባበሱን እያስመሰልኩ ጓደኞቼን ለዓመታት አሳቅሁበት። ከዚያ አድጌ መሥሪያ ቤት ገባሁና ለስንቱ ድፍን አለቃ ወገቤን እንዳጠፍኩ፣ ወንበሩን በለቀቀ ማግስትም ስንቱን እያፏጨሁ እንዳለፍኩት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። አባቴ ያቺን አንድ ቀን ለዘይት ያጎነበሳትን፣ ለዓመታት ደጋግሞ እያጎነበሰ የሰላምታ አደረጋት፤ የእኔዎቹ ግን እስከ ዛሬ የዘይት እንደሆኑ ቀርተዋል።