የሰማንያ ቀን አራስ

አያቴ ቀን ቀን የሚውሉበት የአረጋውያን ማዕከል አሻንጉሊት ሰጣቸው። የገዛ ልጆቻቸውን በስም መለየት ካቆሙ ቆይተዋል፤ ሠራተኛዋም "ያረጋጋቸዋል" ብላ ነበር። አሻንጉሊቷ ጭንቅላቷ ፕላስቲክ፣ ሆዷ አሸዋ የተሞላ፣ የጨቅላ ሕፃን ያህል የምትከብድ ናት።

በማግስቱ አያቴ ከማዕከሉ ቀሩ። ከአበባ ማሰሮዎቹ ጠጠር ለቅመው በእብራይስጥ ሚርፔሴት የምንለው በረንዳ በር ደፍ ላይ ደረደሩ። ከዚያም ከጠጠሩ ወዲያ፣ በረንዳው ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩና ወደ ኃይል ማመንጫው ጭስ ማውጫዎች አዙረው፣ አሻንጉሊቷን ታቅፈው ተቀመጡ።

"እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ ነፋስ ነው" አለች እናቴ።

"አራስ ነኝ። እንዳትነኪኝ።"

"ወንድ ነው ሴት?" አለ ባለቤቴ እየሳቀ።

"ሴት። ሰማንያ ቀን።"

በተወለዱበት አገር፣ በአይሁድ መንደሮች፣ የወለደች ሴት ከመንደሩ ዳር፣ ድንጋይ በተከበበች ጎጆ፣ ለወንድ አርባ ለሴት ሰማንያ ቀን ትቀመጥ እንደነበር ሰምቻለሁ። ምግቧን ድንጋዩ ጋ አኑረውላት ይመለሳሉ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች። በሦስተኛው ቀን ግን ሳህኑን ጠጠሩ አጠገብ አስቀምጣ፣ ሳትነካቸው ስትመለስ አየኋት።

እኔና ባለቤቴ ጊቫት ኦልጋ በምትባል የባሕር ዳር ሰፈር፣ እናቴ ቤት፣ በአንዲት ክፍል እንኖር ነበር። እሱ ልጅ ይፈልጋል፤ "ከሐኑካ በዓል በፊት ቁርጡን ንገሪኝ" ብሎኛል። እኔ የምፈልገውን አላውቅም። ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ በዚህ ዘመን ሰው ለምን መውለድ እንደቀነሰ አነብ ነበር። አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ተፈጥሮ በውስጣችን ያኖረችው ልጅ የመውለድን ምኞት ሳይሆን ወደ ልጅ የሚያደርሱትን ነገሮች ምኞት ነው ይላል፦ ገላን፣ መከበርን፣ ለስላሳ ነገር ማቀፍን። ድሮ እነዚህ ምኞቶች ልጅን እየጎተቱ ያመጡ ነበር። ዛሬ ገላው ያለ ልጅ ይገኛል፤ ለመከበር ዲግሪና ቤት ይቀድማል፤ ለማቀፍ ደግሞ ውሻ አለ። እውነትም እታች መናፈሻው ውስጥ ውሻዋን በሕፃን ጋሪ የምትገፋ ጎረቤት አለችን።

"ያንቺስ መቼ ነው?" አሉኝ አያቴ አንድ ቀን ከጠጠሩ ማዶ።

"መጀመሪያ ቤት እንግዛ፣ እማማ።"

"ጎጆ የሚሠራው ሆድ ሲገፋ ነው። አንቺ ባዶ ጎጆ ትሠሪያለሽ።"

ሲመሽ ክኒናቸውን ውጠው ሁሉን ይረሱና ይገባሉ። ጠዋት ግን ይመለሳሉ፤ ቁጥሩም አይዛነፍም። ስሜን የማያውቁት ሴት "ዛሬ ሠላሳ አንድ" ይላሉ፤ ከቀን መቁጠሪያው ጋር አመሳክራለሁ፤ ሠላሳ አንድ ነው።

ቤቱም ተለወጠ። እናቴ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰች። ባለቤቴ ሲጋራውን ይዞ ወደ ደረጃው መውጣት ጀመረ። እንዲህ እናድርግ ያለ ማንም የለም። ሃምሳኛው ቀን አልፎ አንድ ጠዋት የአያቴ ቀሚስ ደረቱ ላይ፣ በጡታቸው ትክክል፣ ረጥቦ አየሁ። ውኃ ደፍተው ይሆናል አልኩ። ብርጭቋቸው ግን ሙሉ ነበር።

በሰማንያኛው ቀን ረፋድ ላይ "ልታጠብ ነው፤ ልጄን ተቀበዪኝ" አሉኝ።

እጄን በጠጠሩ ላይ አሻግሬ ዘረጋሁ። የአሻንጉሊቷ ጭንቅላት ክርኔ ላይ አረፈ። ወዲያው ወገቤ መወዛወዝ ጀመረ፤ መዳፌም ጀርባዋን ቀስ እያለ ቸብ ቸብ ያደርጋል። እኔ አላዘዝኩትም። ልጅ አባብዬ አላውቅም። ልተው ብል እምቢ አለኝ። ከእኔ በፊት የነበረ የሆነ ነገር በገላዬ ገብቶ ሥራውን የሚሠራ መሰለኝ። እናቴና ባለቤቴ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያያሉ።

አያቴ ታጥበው፣ ነጭ ለብሰው ከመታጠቢያ ቤቱ ወጡ። አሻንጉሊቷን አዩና "ይህን ፕላስቲክ ማን አመጣው?" አሉ። ቀጥለው እኔን አዩ። "ይቺን ልጅ ምን ነካት?" ብለው እናቴን ጠየቁ።

እኔ ገና እየተወዛወዝኩ ነበር።

በዚያው ሳምንት ለባለቤቴ ቁርጡን ነገርኩት። "አሁን አልፈልግም" አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት። እሱ ግን ሲያዳምጠኝ የሚያየው አፌን አልነበረም፤ አሻንጉሊቷን አቅፎ የነበረውን ክንዴን ነበር።