ሽማግሌ የላክሁበት ፊርማ

እናቴ ከቤት ሳትወጣ አምስት ወር አልፏት ነበር። በምንኖርባት ከተማ በክላርክስተን የተከራየነው አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር የለውም። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ ቅዳሴ የምትሰማው በስልክ ነው። «አንቺ ልጅ፣ እኔን እኮ ቆጥ ላይ ሰቀልሽኝ» ትለኛለች። በቀልድ ነው የምትለው፤ እኔን ግን ያመኛል።

ስለዚህ አቮንዴል እስቴትስ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶ ለሽያጭ ሲወጣ ልገዛው ሳላንገራግር ገባሁበት። ደረጃ የለውም፤ ከመኪና ተወርዶ በቀጥታ ሳሎን ነው። ሻጩ ተስማማ፣ ባንኩም ለሞርጌጁ፣ ለቤት ብድሩ፣ አፕሩቭ አደረገኝ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ለእናቴ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጠላዋን አሳጥባ፣ «ለፍልሰታ እደርሳለሁ?» እያለች ታደክመኝ ጀመር።

ክሎዚንግ፣ ማለት የቤቱ ርክክብ ፊርማ፣ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው የብድሩን ጉዳይ የያዘችው ልጅ ደወለችልኝ። እዚሁ የተወለደች የኛው ልጅ ናት፤ በዕድሜ እናቷ የምሆነውን እኔን እንደ ጓደኛዋ ነው የምታናግረኝ። ከኮንዶው ባለቤቶች ማኅበር ተፈርሞ የሚመጣ ቅጽ ቀርቷል አለችኝ፤ የሕንፃው የእሳት ማንቂያ ደወል ተፈትሾ እንደሚሠራ የሚያረጋግጥ። ያለሱ ባንኩ አያበድርም። «ላይክ፣ አንድ ፊርማ ብቻ ነው» አለችኝ።

እኔም ቀላል መሰለኝ፤ ምክንያቱም የማኅበሩ ሊቀመንበር ሐበሻ ናቸው። ሰባ የሞላቸው፣ በስደት መጥተው ዕድሜያቸውን ኤርፖርት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለም ሰው። ደወልኩላቸው። ደወሉ ፍተሻውን ወድቋል፣ እስኪጠገን ታገሺ አሉኝ። መቼ ይጠገናል ብል እሳቸውም አያውቁትም። ሻጩ ደግሞ ሌላ ገዢ አለው፤ አንድ ቀን እንኳ አይጠብቀኝም።

ደሜ ፈላ። ሊቀመንበሩ ፈረንጅ ቢሆኑ ኖሮ ኢሜይል ጽፌ እጄን አጣጥፌ እቀመጥ ነበር። የኛ ሰው ሆነው ሳለ ግን ምን ቆርጦኝ እቀመጣለሁ? ሽማግሌ ላክሁባቸው። አዎ፣ ለእሳት ደወል ወረቀት ሽማግሌ ላክሁ! በዚህ ከተማ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሦስት አባቶችን ለምኜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪናዬ ይዣቸው ሄድኩ። ላኪ አብሮ አይገባምና እኔ ፓርክ አድርጌ መኪናው ውስጥ ቀረሁ።

የውስጡን ሽማግሌዎቹ በኋላ ነው የነገሩኝ። ሊቀመንበሩ ገና በር ላይ «ኑ ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሏቸው፣ እሺ ካላሉን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ሰውዬው ነገሩን ቢያስረዱ፣ ወረቀቱን ቢያሳዩ የሚሰማቸው የለም። የታመመች እናት ናት ያለቻት፣ ስለ እመቤታችን ብለው ይፈርሙላት፣ ይሏቸዋል። አንደኛው ወገባቸውን የሚያማቸው ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሶፋውን ተደግፈው ቆሙ። ሽማግሌ አቁሞ እምቢ ማለት ደግሞ በኛ ዘንድ ነውር ነው። ሊቀመንበሩም ፈረሙ።

ወረቀቱን ይዘው ሊቀመንበሩ ብቻቸውን ወደ እኔ መጡ። ከመኪናው ወርጄ አንገቴን ሰበርኩ። በእጃቸው ተከተይኝ አሉኝና ወደ ሕንፃው ኮሪደር ወሰዱኝ። ግድግዳው ላይ ካለው የእሳት ደወሉ የብረት ሣጥን ላይ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሏል። ፈታሹ ነው የሰቀለው፤ አይሠራም ማለት ነው። ሣጥኑን ከፍተው መሞከሪያውን ተጫኑት። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። ዝም አለ።

«ናይት ሥራ ስትገቢ እናትሽ ከማን ጋር ያድራሉ?» አሉኝ።

«ብቻዋን ነው የምታድረው፣ ጋሼ።»

«እኔ ሽማግሌ አላሳፍርም፣ ፈርሜልሻለሁ። ለባንኩ መላኩ ግን ያንቺ ፈንታ ነው» አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ።

ተናደድኩባቸው፤ ምን እዋሻለሁ። ምነው እምቢ ባሉኝ! እምቢ ቢሉኝ እስኪወጣልኝ አምቼያቸው አርፍ ነበር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ መኪና ውስጥ ገብተው በደስታ ይመርቁኛል፤ ቤቱን የሰላም ያድርግልሽ፣ እናትሽን ጧሪ ያድርግሽ። እኔም አሜን አሜን እያልኩ ነዳሁ።

ወረቀቱ ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ዋለ አደረ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። እዚያ በየወሩ የእሳት ልምምድ አለ፤ ደወሉ ሲጮኽ የማላውቃቸውን የሰው እናቶች በዊልቼር እየገፋሁ ወደ ሜዳ የማወጣው እኔ ነኝ። ያለ ደወል ስንቷን እንደማላደርስ አሳምሬ አውቃለሁ። ረቡዕ ዕለት በእረፍት ሰዓቴ ወረቀቱን በስልኬ ስካን አደረግኩት፣ ብድሩን የያዘችውን ልጅ የኢሜይል አድራሻም ጻፍኩ። ግን ሳልልከው አጠፋሁት። ሐሙስ ጠዋት ደውዬ ቅጹ አይመጣም አልኳት። እሺ ብላ ዘጋች። ቤቱን የባንክ ብድር የማያስፈልገው ሰው ወሰደው።

ለእናቴ የነገርኳት ያን ቀን ማታ ወደ ሥራ ለመውጣት ስዘጋጅ ነው። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። ሊቀመንበሩ ፈርመውልኝ እንደነበር፣ ደወሉ እንደማይጮኽ፣ እዚያ ብቻዋን እንዳላስተኛት ብዬ ቤቱን እንደተውኩት አንድ በአንድ ነገርኳት። የምታመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

«ደግ አደረግሽ» አለችኝ። «እዚህስ እሳት ቢነሣ ማን ያወርደኛል?»

አላሰብኩትም። አራት ዓመት በዚያ ደረጃ ስወጣና ስወርድ፣ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ሥራ የምገባበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ስልኳን አጠገቧ አስቀመጥኩላት፣ ውኃዋን አቀረብኩላት፣ በሩን ልትቆልፍ እንዳትነሣ ብዬ ራሴ ከውጭ ቆልፌ ደረጃውን ወረድኩ።