ሰው ሁሉ የሳቀበት ካሴት

ደምመላሽ በደርግ ጊዜ በቦንጋ ወጣቶች ባንድ ግጥምና ዜማ ደራሲ ነበር። ባንዱ በኦርጋንና በኤሌክትሪክ ጊታር አዲስ ስልት ይዞ ሲመጣ አዛውንቱ "ይሄ ደግሞ የምን ጩኸት ነው?" ሲሉ ወጣቱ አበደለት። መንግሥት ሲለወጥ ባንዱ ተበተነ። ድምፃዊቷ በላይነሽ አስተማሪ ሆና ቢታ ገነት ከተማ ገባች፤ እሱ ቦንጋ መዝገብ ቤት ተቀጠረ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ አርባ ዓመት ሲሞላው፣ አዲስ አበባ ሄዶ የራሱን ካሴት አስቀርጾ ተመለሰ። ስሙን "ማበጠሪያ ለመላጣ" አለው። ላልተጠራበት ሠርግ ኮቱን ስላስተኮሰ ሰው፣ ከመስታወቱ ጋር ስለተኳረፈ ሰው ይዘፍናል፤ ሰውየው ሁልጊዜ ራሱ ነው። ካሴት ሻጩ ሉቅማን መናኸሪያው አጠገብ ባለው ሱቁ ሲከፍተው ተሳፋሪው በሳቅ ይፈርሳል።

"ጋሽ ደምመላሽ፣ ሰዉን በሳቅ ፈጁት እኮ!" ይለዋል ሉቅማን።

አብሮ ይስቃል። ካሴቱን የሠራው ግን አንዲት ሴት እንድትሰማው ነበር። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አንዱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቢታ ገነት ሄደ።

በላይነሽና ባሏ አቶ ለገሰ በደስታ ተቀበሉት። ካሴቱን ከፈቱት፤ ለገሰ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። አምስተኛው ዘፈን ላይ እንዲህ ይላል፦

"እወድሻለሁ ልል ደጅሽ ድረስ መጥቼ፣
ዛሬም ዘነበ አልኩሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥቼ።"

"ወይ ጉድ!" አለ ለገሰ፤ ለእንግዳው ምሳ ሥጋ ሊገዛም ወጣ።

በላይነሽ ቴፑን መልሳ ደግማ ሰማችው።

"ይሄ ቀልድ አይደለም፣ አይደል?"

"አይደለም።"

"ማንኪራ መንደር ትርዒት አሳይተን በእግር ስንመለስ ያልከኝ ነው?"

"ነው። 'ሰማዩ ብራ ሆኖ የምን ዝናብ ታወራለህ?' አልሽኝ።"

ቴፑን አጠፋች። "እኔኮ እስክትናገር እየጠበቅኩ ነበር። ከሌሎቹ ወደኋላ የቀረሁት ለዚያ ነው።"

ደምመላሽ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ "አትወደኝም ነበር" እያለ ራሱን ሲያጽናና ኖሯል፤ አሁን ያም ማጽናኛ ተወሰደበት።

ለገሰ ተመለሰ፤ ሦስቱም ምሳ በሉ። ሊሰናበት ሲነሳ በላይነሽ ባሏ እየሰማ፣ "ሌላ ካሴት ካወጣህ የሴቲቱንም መልስ ጻፍ፤ እኔ እዘፍነዋለሁ" አለችው።

"ደግ ሐሳብ ነው!" አለ ለገሰ።

ደምመላሽ ግጥሙን በዚያው ክረምት ጽፎ ላከላት። አንድም የሚያስቅ ስንኝ አልነበረበትም።