ሻንካ ስለ ሙዝ እንደሚለው

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏን ረቂቅ ይዛ ቢሮዬ መጣች። እኔ ረቂቅ ሲሰጠኝ የምጀምረው ከኋላ ነው፤ መጀመሪያ የዋቢዎቹን ዝርዝር አያለሁ። ተማሪዎቼ በዚህ አመሌ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ፤ ይሙኝ። ገለጥ ሳደርገው አንድ የማውቀው የአገራችን ሰው በአባቱ ስም ተቀምጦ፣ የራሱ ስም ወደ አንዲት ፊደል ተቆርጦ አገኘሁትና ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ደንግጣ "ምነው መምህር፣ ተበላሸ እንዴ?" አለችኝ። አይዞሽ፣ የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው ብዬ እንዴት እንደሚስተካከል አሳየኋት። እሷ ሄደች፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ጋሽ አንጁሎ ሳስብ ዋልኩ።

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አርባ ምንጭ ማስተርሴን እየሠራሁ ነበር፤ ርዕሴ በዓባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር ስላለው የሙዝ እርሻ ነበር። ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ሙዝ ነው። ስለ እኛው ሙዝ፣ ከአርባ ምንጩ ሲቀላ መናኸሪያ ወጥተን ገና ሳንርቅ መንገዱን ግራና ቀኝ ስለሚሞላው ሙዝ፣ የጻፈ ሰው ማግኘት አልቻልኩም። የጠየቅኩት ገበሬ ሁሉ አንድ ስም ብቻ ይነግረኛል፤ "ምዕራብ ዓባያ ሂጂና ጋሽ አንጁሎን ጠይቂ።"

ጋሽ አንጁሎ ጡረታ የወጡ የግብርና ባለሙያ ነበሩ። ስለ ሙዝ በሥራ ዘመናቸው ያዩትን ሁሉ በቢሮ የጽሕፈት መኪና ጽፈው፣ በክር ሰፍተው አስቀምጠውታል። ቅጂ የለውም። ለማንም አይሰጡትም ነበር፤ ምክንያቱም ከእኔ በፊት አንድ አጥኚ መጥቶ፣ ስንት ቀን አነጋግሯቸው፣ የነገሩትን ሁሉ ጽፎ ስማቸውን አንድም ቦታ ሳያነሳ ቀርቷል። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጣቸው ተሰክቶ ነበር።

"እሰጥሻለሁ፤ ስሜን ግን አስገቢ" አሉኝ። "አንጁሎ ሻንካ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"አንጁሎ ሻንካ" ብዬ ቃል ገባሁ።

በዚያው ሰሞን ታምራት የሚባል የክፍል ጓደኛዬ ዋቢዎችን የሚያደራጅ ፕሮግራም ኮምፒውተሬ ላይ ጫነልኝ። ወይ ፍቅር! የጸሐፊውን ስም አንዴ ካስገባሁ ጽሑፌ መሃል ይጠቅስልኛል፤ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ይደረድርልኛል። ከተዘጋጁት የዋቢ አጻጻፍ ስታይሎች አንዱን፣ የአንድ የውጭ መጽሔትን፣ መረጥኩና ከዚያ በኋላ ዞር ብዬም አላየሁት። ማሽኑ ያውቃል ብያለሁ። እኔ እኮ የሰው ነገር ለማመን ዳገት ነኝ፤ ማሽን የነገረኝን ግን ያን ጊዜ እንዳለ ነበር የምውጠው።

ረቂቁን ሰኞ ለፈታኞች ላስረክብ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቅጂ ይዤ ምዕራብ ዓባያ ሄድኩ። ላስደስታቸው ነው። ሚያዝያ ነበር፤ ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ አቁሟል፣ የዓባያ ውሃ እንደ ልማዱ ቀልቷል፣ መንገድ ዳር ሴቶች ማንጎ ከምረው ይሸጣሉ። ሚኒባሱ ውስጥ ረቂቁን እንዳይረጥብብኝ ደረቴ ላይ አቅፌ ነው የሄድኩት። ስደርስ ባለቤታቸው ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የሠሩትን ፎሰሴ አቀረቡልን። ጋሽ አንጁሎ ግን አልቀመሱም። እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄዱ። እንግሊዝኛ ቀስ ብለው ያነባሉ።

"አ ላይ የለሁም" አሉ።

"ይኖራሉ ጋሼ፣ ይስጡኝ እስቲ።" እኔም ፈለግኩ። የሉም። ስገላብጥ፣ ወደ ታች፣ የኤስ ፊደል ተራ ላይ አገኘኋቸው። ሻንካ ይላል፣ ኮማ፣ ከዚያ አንዲት ኤ።

ጋሽ አንጁሎ ረቂቁን ከእጄ ወስደው ወደ መሃል ገለጡና፣ በጣታቸው እየተከተሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበቡ። በአማርኛ ሲመለስ፣ "ሻንካ እንደሚለው፣ በዓባያ ዳር ላለ መሬት ከእንሰት ይልቅ ሙዝ ይሻላል" የሚል ነው።

"ሻንካ?" አሉ። "ሻንካ ነው ይሄን ያለው? አንተ! ምን አደረግክ?"

ጋሽ አንጁሎ ስሜታቸው ሲነካ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። አንተ ካሉኝ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

"ሻንካ አባቴ ነው! ሻንካ ሙዝ አያውቅም! ሙዝ ጠላቱ ነው!"

ከዚያ ነገሩኝ። አባታቸው የደጋ ሰው፣ የእንሰት ሰው ነበሩ። ልጃቸው ከጨንቻ በኩል ወርዶ ሐይቁ ዳር ሙዝ ተከለ ሲባል ሊያዩ መጡ። አዩት። ቅጠሉ እንሰት፣ ቁመናው እንሰት፤ ቆጮ ግን አይወጣውም። "ይሄ የውሸት እንሰት ነው፤ ልጄ የውሸት ተክል ይዞ በረሃብ ሊሞት ነው" ብለው፣ አንጁሎ ገበያ በሄዱበት ጠዋት ችግኙን አንድ በአንድ ነቅለው ጠበቋቸው። ልጅየው መልሰው ተከሉ። አባትየው ወደ ደጋ ተመለሱ፤ እስኪሞቱም ድረስ የልጃቸውን ሙዝ አንዲት ፍሬ አልቀመሱም።

"እሱ ነቀለ፤ እኔ ተከልኩ" አሉ ጋሽ አንጁሎ። "አሁን አንተ መጥተህ ለነቀለው ሰጠኸው።"

ያ የመጀመሪያው አጥኚ ስማቸውን ነው የተወው፤ እኔ ግን ልፋታቸውን ሁሉ ላልለፉበት ሰው አስረክቤዋለሁ። "እስከ ሰኞ አስተካክለዋለሁ" አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ጓሮ ወጡ። ረቂቁን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ ሚኒባሱ መንገድ ላይ ካለችው ላንቴ እስኪደርስ መስኮቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ ታምራትን ከኮምፒውተር ክፍል አላስወጣሁትም። የስታይሉን ማስተካከያ ከፈትን። "የጸሐፊውን ስም ገልብጥ" የሚለውን አጠፋነው። ጋሽ አንጁሎ ቀና ብለው ቆሙ፤ እልል ልል ስል ፈረንጆቹ በሙሉ ተዘበራረቁ። ለካ እነሱ መጠራት ያለባቸው በቤተሰብ ስማቸው ነው። መልሰን አበራነው፤ ፈረንጆቹ ቦታቸውን ያዙ፣ እኛ ሁላችንም በየአባታችን ገባን።

"አንድ ስታይል ሁለቱን አይችልም" አለ ታምራት። "ወይ እነሱ ይገለበጣሉ ወይ እኛ።"

"እነሱም አይገለበጡም፣ እኛም አንገለበጥም!" ብዬ ጮህኩበት፤ ምስኪን፣ ምን በወጣው።

ከሰዓት በኋላ ነው መላውን ያገኘነው። ፕሮግራሙ የመሥሪያ ቤት ስም አይገለብጥም። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አባት የለውማ! ስሙን ሲያስገቡ መጨረሻው ላይ አንዲት ኮማ ካደረጉ መሥሪያ ቤት ነው ብሎ ያምናል፤ እንዳለ ይተወዋል፤ ኮማዋም ስትታተም አትታይም። "አንጁሎ ሻንካ" ብዬ ጻፍኩና ኮማዋን ጨመርኩ። ስማቸው ሙሉውን፣ አ ተራ ላይ፣ ከላይ ወጣ። ከዚያ ሐበሻውን ሁሉ አንድ በአንድ ለቅሜ መሥሪያ ቤት አደረግኩት።

ሰኞ አስረከብኩ። ጽሑፌን ተከላክዬ ካለፍኩ በኋላ የተጠረዘውን ይዤ ሄድኩ፤ ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ እንኳ አላውቅም። ጋሽ አንጁሎ በር ላይ ቆመው ከእጄ ተቀበሉኝና እዚያው ገለጡት። ጣታቸው ስማቸው ላይ ቆመ። "አንጁሎ ሻንካ" ብለው ጮክ ብለው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ባለቤታቸውን ጠርተው ለእሳቸውም አነበቡላቸው። ኮምፒውተሩ መሥሪያ ቤት ነዎት ብሎ እንደሚያስብ ስነግራቸው "ታዲያ ማኅተሜ የታለ?" ብለው ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ትንሽ ቆይተው ግን ጥራዙን ዘጉት።

"ያኛውስ?" አሉ።

"የቱ ጋሼ?"

"የተሳሳተው።"

"ቤቴ ነው። ልቀደው ነበር።"

"እንዳትቀድ! ለእኔ አምጣልኝ።"

ግራ ገባኝ። "ለምን ጋሼ? ያን ያህል ተናደውበት?"

ወደ ሙዛቸው ዞሩ። "እዚያ ወረቀት ላይ ሻንካ ሙዝ ይሻላል ይላል" አሉ። "እኔ ይህን ከአፉ ስጠብቅ ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አላለኝም።"

በሳምንቱ ወሰድኩላቸው።

ዛሬ ጋሽ አንጁሎ በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ባለፈው ገና ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ለእንግዳ የሚያሳዩት የተጠረዘውን ነው፤ በላስቲክ ሸፍነው ሳሎን አስቀምጠውታል። የተሳሳተውን ማንም አያውቀውም። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ከትራሳቸው ሥር፣ ከዚያው ከተሳሳተው ረቂቅ የወጣ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። እኔ እንግዲህ በስሕተት ማረም እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ አንዲት የተዛነፈች ኮማ እንቅልፍ ትነሳኛለች። በሕይወቴ ከሠራሁት ስሕተት ሁሉ የምወዳት ግን ያቺን ነው፤ ምን ላድርግ፣ እወዳታለሁ።

"የአባቴን አንብብልኝ" አሉኝ።

እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ሻንካ እንደሚለው፣ በዓባያ ዳር ላለ መሬት ከእንሰት ይልቅ ሙዝ ይሻላል።

"ከእንሰት ይልቅ አለ?"

"ብሏል ጋሼ" አልኳቸው።