ካራቫኑን ጎትታ የመለሰችው ሄዘል

አልታገደችም! ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት፤ ደስታው እስካሁን ቁጭ አላስባለኝም። ያልታገደችው ሄዘል ኦልድሮይድ ናት፤ ምንጣፍ አንጣፊዋ ሄዘል። መንደራችን ስካርዴል ውስጥ ተንበርክካ ያላነጠፈችበት ሳሎን የለም።

ሄዘልና ታናሽ ወንድሟ ክላይቭ የምንጣፍ ኩባንያቸው ዳይሬክተሮች ነበሩ። ሥራው የእሷ፣ ወረቀቱ የእሱ። በወረርሽኙ ዓመት ባንኮች በመንግሥት ዋስትና ለትናንሽ ድርጅቶች ሲያበድሩ፣ ክላይቭ የኩባንያውን ሽያጭ ሦስት እጥፍ አሳብጦ አመለከተ። ብድሩ ተፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነጭ ካራቫን፣ በመኪና የሚጎተት የሽርሽር ቤት፣ ክላይቭ በር ላይ ቆመ።

ሄዘል አይታ "ያምራል" አለችው። ከየት አመጣኸው ግን አላለችም። እኛ ዘንድ ሰው ስለ ወገብ ሕመሙና ስለ ውሻው ይጠየቃል እንጂ ስለ ገንዘቡ አይጠየቅም፤ የእናት ልጅ ቢሆንም። እኔም በዚያ ሳልፍ ለክላይቭ ስለ ዝናቡ ነው ያወራሁት።

ኩባንያው ሲከስር ጠያቂ መጣ። የመንግሥት መርማሪዎች ሁለቱንም ከዳይሬክተርነት ሊያግዷቸው እንዳሰቡ አስታወቁ። ለሄዘል ይሄ ጥቁሩ በሬን ማጣት ማለት ነው። ጥቁሩ በሬ ብቸኛው መጠጥ ቤታችን ነው። ባለቤቱ ዘግቶት ሲሄድ፣ አዋጥተን በኩባንያ ስም እንግዛው ብላ በር ለበር የዞረችው እሷ ናት። ሽማግሌው ዊልፍማ የመጠጥ ቤቱን የዳርት ሰሌዳ፣ ያንን ትንንሽ ቀስት እየወረወርን የምንጫወትበትን፣ ነቅሎ ቤቱ ወስዶ፣ "ሄዘል ሰብሳቢ ካልሆነች አልመልስም" ብሎ ነበር። የታገደ ሰው ደግሞ ኩባንያ መምራት አይችልም።

ብድሩ በውሸት እንደመጣ ሄዘል ያወቀችው ገና ያኔ ነው። የሥራ መኪናዋን አስነስታ ክላይቭ በር ደረሰች።

"ቁልፉን።"

"የምን ቁልፍ? ኧረ ሄዘል፣ መጀመሪያ ሻይ እንኳ ጠጪ!"

"ሻይህን ራስህ ጠጣው። ካራቫኑ ያንተ አይደለም።"

"በእሑድ ቀን? ሰው ምን ይላል?"

"ሰውማ ይኸው በመስኮት እያየህ ነው። እጅህን አውለብልብላቸው!"

ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣበት ሰዓት ነበር። ያ አሮጌ የምንጣፍ መኪና ያንን ነጭ ግዙፍ ነገር እየጎተተ ጠባቡን ዳገት ሲወጣ፣ ከኋላው መኪና ተሰልፏል፤ ጥሩንባ የነፋ ግን አንድም የለም። የከሰረውን ኩባንያ ንብረት ከሚያጣራው ሰውዬ ግቢ ካራቫኑን አስገብታ፣ ቁልፉን በእጁ አስረከበችው።

በምርመራው ቀን ሸኚዋ እኔ ነበርኩ። ክላይቭ፣ እግዜር ይስጠውና፣ አንድ ደግ ነገር አስቦ "ካራቫኑን አይታው አታውቅም ብዬ እመሰክርልሻለሁ" ብሏት ነበር። "አፍህን ዝጋ" አለችው።

መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። "ወይዘሮ ኦልድሮይድ፣ ካራቫኑን አይተውት ነበር?"

"አይቼዋለሁ። ያምራል ብዬዋለሁ።"

"ታዲያ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለምን አልጠየቁም?"

"ነውር መስሎኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ግን እየለመድኩት ነው። እርስዎ ደመወዝዎ ስንት ነው?"

መርማሪዋ እስክሪብቶዋ ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ደመወዟን ግን አልተናገረችም፤ እሷም ያው የእኛው አገር ልጅ አይደለች!

ውሳኔው እንግዲህ ዛሬ መጣ። ክላይቭ ዘጠኝ ዓመት ታገደ። ሄዘል ግን ውሸቱን ሳታውቅ እንደቆየች፣ ስታውቅ ደግሞ ሳትሸሽግ ንብረቱን እንደመለሰች ታይቶ፣ ጉዳይዋ ተዘጋ። እቤቷ ስሄድ አንድ ሳሎን ለማንጠፍ ዕቃዋን መኪና ላይ እየጫነች ነበር። አቀፍኳት።

"በይ ልቀቂኝ፣ ወገቤን!" አለችኝ። "የጥቁሩ በሬ የመጀመሪያ ስብሰባ ሐሙስ ነው። ስለ ገንዘብ የማይጠይቅ ሰው እንዳይመጣ ንገሪልኝ።"

ዊልፍ ገና አልሰማም። ጆሮው ስለሚያስቸግረው በስልክ አይሆንም፤ በሩ ላይ ቆሜ መጮኽ አለብኝ። ያንን ሰሌዳ ዛሬውኑ አሸክሜው ካልመጣሁ! ካፖርቴስ የት ገባ?