ለሰይድ ሚስት ልንጠይቅ ከቴክሳስ ወደ ሚኒሶታ

ዓርብ ጠዋት፣ ሳን አንቶኒዮ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በሁዳዴ ጾም ውስጥ፣ ሚስት ልንጠይቅ ከቴክሳስ ተነሣን። ለእኔ አይደለም፤ እኔ አንድ አለችኝ፣ ትበቃኛለች። ለሰይድ ነው። ሰይድ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ሙስሊም፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ የማየው ጎረቤቴ ነው። የወደዳት ሰላማዊት ደግሞ አፕል ቫሊ በሚባለው የሚኒያፖሊስ ዳርቻ ከአባቷ ጋር ትኖራለች። አባቷ አቶ ጌታቸው ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት፣ ቅዳሴ የማያመልጣቸው ኦርቶዶክስ ናቸው። ልጅቱም ለሰይድ ቁርጡን ነግራዋለች፤ አባቷ ካልመረቋት አታገባም።

ሽማግሌዎቹ እኔና የሰይድ አጎት ጋሽ ሙሄ ነን። እሳቸው በዕድሜያቸው፣ እኔ በምላሴ ተመረጥን። የምሠራው አላሞ ከሚባለው የድሮ ምሽግ አጠገብ ባለ መኪና ማቆሚያ ነው። አስጎብኚዎቹ ቀኑን ሙሉ ለቱሪስት የሚያወሩትን ስሰማ ስለኖርሁ፣ የቴክሳስን ጦርነት ከዳዊት ባልተናነሰ በቃሌ እወጣዋለሁ።

መንገድ ላይ

ሠላሳ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ደግ መንገድ ነው፤ ሳን አንቶኒዮ የያዘውን ሰው ሚኒሶታ ድረስ ሳይለቅ ይወስደዋል። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። የኦክላሆማን ቀይ አፈር አለፍን፤ ካንሳስ ላይ ነፋሱ አሮጌዋን ቶዮታችንን ከመንገድ ሊያስወጣት ይታገል ነበር። በየምግብ ቤቱ እኔ ስለ ጾም፣ ጋሽ ሙሄ ስለ ሐላል ሥጋውን እየተውን፣ ሁለታችንም የተጠበሰ ድንች ስንበላ ዋልን።

የምንናገረውን የመከርነው ካንሳስ ላይ ነው።

«ይጠመቃል እንበላቸው» አልሁ። «እሺ ብለን እንግባ። ልጅቱን ከሰጡ በኋላ ነገሩ ይበርዳል።»

«ሰይድስ ምን አለ?»

«‹መጠመቅም ቢሆን ያዋጣል ያላችሁትን በሉልኝ› ብሏል።»

«እሱማ ጨንቆት ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዝምታቸውን እንደ ስምምነት ቆጠርሁት። የዚያን ዕለት ካንሳስ ሲቲን አልፈን፣ ለሁለት ሰው ሠላሳ ዶላር የሚያስከፍል ሞቴል አደርን።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አፕል ቫሊ

አዮዋን ጨርሰን ሚኒሶታ ስንገባ በረዶ ተቀበለን። እኛ እንደ ቴክሳስ ሰው በሸሚዝ ነን። ሽማግሌ ሦስት ይሁን ብለን እዚያው ሚኒያፖሊስ አጠገብ ካለው ሴንት ሉዊስ ፓርክ የተዋስነው ባለ ታክሲው በቀለ፣ በርንስቪል ነዳጅ ማደያ ሁለት ካፖርት ይዞ ጠበቀን።

«ጃኬት ሳትይዙ ነው እዚህ ድረስ ድራይቭ ያደረጋችሁት?» አለ እየሳቀ። «ኤፕሪል ቢሆንም እኮ ዊንተሩ አልለቀቀንም!»

በአቶ ጌታቸው ሳሎን ሦስታችንም ተደርድረን ቆምን። ተቀመጡ ቢሉን ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አልን፤ ደንቡ ነው። ንግግሬን አሳመርሁ፣ የሰይድን ዘርና ጠባይ ዘረዘርሁ።

«ሃይማኖቱስ?» አሉ።

«ይጠመቃል!» አልሁ ሳላቅማማ። ጋሽ ሙሄ ምንጣፉን ተመለከቱ።

አቶ ጌታቸውም «ሰላማዊት ከሥራ እየመጣች ነው። መልሱን እሷ ፊት ነው የምሰጠው» አሉ። እስክትመጣ እንድንጫወት ብለው ነው መሰለኝ፣ «አላሞ እናንተ ጋ ነው አይደል? ልጄ ተማሪ ሳለች ስታነበንበው እሰማ ነበር። ለመሆኑ እነዚያን አሜሪካውያን ሰፋሪዎች ከሜክሲኮ ጋር ምን አጣላቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ደስ አለኝ። የማውቀውን ጠየቁኝ!

«ቴክሳስ ያኔ የሜክሲኮ ነበር፤ ሰፊ ነው፣ ሰው ሳስቶበታል» ብዬ ጀመርሁ። «መንግሥቱ አሜሪካኖቹን ‹ኑ፣ መሬት በርካሽ ውሰዱ፤ ግን ዜጋችን ሁኑ፣ ሕጋችንን አክብሩ፣ ካቶሊክ ሁኑ› አላቸው። እሺ ብለው ገቡ።»

«ካቶሊክ ሆኑ?»

«ኧረ አብዛኞቹ ለስሙ ነው! መሬቱን እስኪይዙ!» ብዬ ሳቅሁ። የሳቅሁት ብቻዬን መሆኑን አላስተዋልሁም። «ባርነት ቀርቷል ሲባሉም ባሪያዎቻቸውን የኮንትራት ሠራተኛ ናቸው አሉ። እየበዙ ሄደው ባለአገሩን በቁጥር በለጡት። መንግሥቱ ሲደነግጥ በሩን ዘጋ፤ ወታደርና ቀረጥ ሰብሳቢ ላከ። በኋላ ደግሞ እሱም በተራው እነሱ የገቡበትን ሕገ መንግሥት ሽሮ ሥልጣኑን ሁሉ ወደ ዋና ከተማው ጠቀለለው። ቃሉን አፈረሰብን ብለው ጠመንጃ አነሡ።»

«እንግዲያውማ ጠቡ የተጀመረው ሲገቡ ነው» አሉ አቶ ጌታቸው በዝግታ። «የእናንተ ልጅስ የሚጠመቀው እንደዚያው ለስሙ ነው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል። የሰይድን ትዳር በገዛ ተረቴ አፈረስሁት ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

የተናገሩት ጋሽ ሙሄ ናቸው። «ጌታቸው ወንድሜ፣ ሰይድ አይጠመቅም። ልጅዎንም ማተብሽን በጥሺ አይላትም። እኛ ወሎ ላይ በፋሲካም በኢድም እየተጠራራን ነው ያደግነው። ልናቀርብልዎ የምንችለው ይህን ብቻ ነው። ካልሆነ እንመለሳለን፣ አንቀየምም።»

በዚህ መሐል ሰላማዊት ገብታ ካፖርቷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች። «አባዬ፣ እኔ መቼ ኮንቨርት አድርግ አልኩት?» አለች። «ፌክ ሲያደርግ ማየት አልፈልግም። እንደዚያ ከሆነ ይቅርብኝ።»

አቶ ጌታቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ፣ አክሊል ደፍተሽ ማየት ነበር ምኞቴ» አሉ። «እናትሽም የምትመኘው እሱን ነበር። አልዋሽሽም፣ ይከፋኛል። ግን በውሸት ከሚገባ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለው ይሻለኛል።» ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጥን ሳይሆን ወደቅን ማለት ይቀላል። በቀለ ከደስታው የተነሣ ጋሽ ሙሄን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አቀፋቸው። ሽሮና ምስር ቀረበ፤ ጾም በመሆኑ የማን ሥጋ የሚል ጥያቄ የለም፣ ሁላችንም ከአንድ ትሪ ጠገብን። እንደዚያ ቀን እህል ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሰኞ ማታ፣ ሳን አንቶኒዮ

ወደ ቤት ስንመለስ የነዳሁት እየዘፈንሁ ነው። የምሥራቹን ሽማግሌ ያድርሰው ብለን፣ ሰላማዊት እንዳትደውልለት አስምለናታል። ሰይድ መኪናችንን ሲያይ ከደጅ ተነሥቶ ቆመ፤ ፊቱ ከስቷል።

«ሰጥተውሃል!» አልሁት።

«ምን ብላችሁ?»

«እንደ ሆንኸው ሆነህ» አሉት ጋሽ ሙሄ።

ደስ ብሎት ይዘላል ብዬ ስጠብቅ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ገና ያን ጊዜ ገባኝ። በእኔ ምላስ የተገዛውን ውሸት ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው እሱ ነበር፤ እኔማ በልቼ ጠግቤ፣ ተመርቄ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ከሰው ደጅ ስቆም መጀመሪያ ማሰብ የሚገባኝ ለመግባት የምለውን ሳይሆን፣ ከገባን በኋላ የሚኖረውን ሰው ኖሯል።

ጥቂት ቆይቶ ዓይኑን ጠረገና፣ «የስልክ ካርድ አለህ?» አለኝ።

«ለሰላማዊት ነው?»

«ለእናቴ ነው። መጠመቅም ቢሆን በሉልኝ ካልኋችሁ ወዲህ ምን ብዬ እንደማናግራት ጠፍቶኝ አልደወልሁላትም።»