ለአስቴር የሱኑጥ ፍሬ

ከገዳሪፍ የተነሣሁት ሐሙስ ገና ሳይነጋ ነው። ጓደኛዬ አስቴር ሳል ይዟት ሰንብቷል፤ "ካርቱም ስትደርሺ ከዛፋችን ሥር ፍሬ ልቀሚልኝ፣ የሌላ ቦታው አያሽለኝም" አለችኝ። ክኒን ሞልቶ! ግን ገባኝ፤ የናፈቃት ዛፉ ነው። እኔንም ናፍቆኛል።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ውስጥ እሷ አል-ማንሺያ፣ እኔ ሪያድ ሰፈር ሰው ቤት ስንሠራ፣ እረፍታችን ዓርብ ነበር። ጾም ስለሆነ ፉል በሰሊጥ ዘይት ይዘን፣ ነጭ ዓባይ ዳር ወዳለው የሱኑጥ ጫካ እንወርዳለን። ሱኑጥ የግራር ዘመድ ነው። ጠባቂው ሽማግሌ ዐም ኢድሪስ፣ "የወደቀውን ልቀሙ፣ ቅርንጫፍ አትንኩ፣ ፌስታላችሁን ይዛችሁ ሂዱ" እያሉ ይከተሉናል። አስቴር "አማታችን መጡ" ትላለች። ስንነሣ የተረፈንን ውሃ ዛፋችን ሥር እናፈስሳለን።

ዓርብ ጠዋት፣ ካርቱም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ

ያ ሁሉ "ያላ! ያላ!" የሚል የሚኒባስ ረዳት የት ገባ? ከጦርነቱ ወዲህ ገበያው ገና አልሞላም። ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ያዝኩ፤ የከፈልኩት ድሮ ለሁለታችን ምሳ ይበቃ ነበር።

ጫካው

ጫካ የለም። በጦርነቱ ጊዜ ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል። ድሮ በቅጠል መሐል የምናጮልቀው ወንዝ አሁን ከሩቅ ይታያል። ቆሜ አለቀስኩ።

"ያ ሐበሺያ! አንቺ፣ በመንገዱ ሂጂ፣ ቡቃያ እንዳትረግጪ!"

ዐም ኢድሪስ! ሰውነታቸው ከስቷል፣ ቁጣቸው ግን እንዳለ ነው። ለቡቃያዎቹ ከፍየል መከላከያ የእሾህ አጥር ያጥራሉ።

"ጓደኛሽስ?"

"ገዳሪፍ ናት፣ ያስላታል። ከዛፋችን ፍሬ አምጪልኝ ብላኝ ነው።"

ወደ ጉቶው ወሰዱኝ። አፈሩን ስንጭር እፍኝ የማይሞላ ደረቅ ፍሬ ወጣ። ደስ ብሎኝ ልቋጥር ስል እጄን ያዙኝ።

"ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ከዚያ ዛፍ የቀረው ዘር ይኸው ነው" አሉ።

አስቴርን ባዶ እጄን ምን እላታለሁ? ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ለሳል የምናፈላው የፍሬውን ቅርፊት ነው። ቁጭ ብዬ ፈለፈልኩ። ቅርፊቱን ለእሷ ቋጠርኩ፣ ዘሩን ከዐም ኢድሪስ ጋር አጥሩ ውስጥ ቀበርን።

"ይበቅላል፣ ኢንሻላህ" አሉ።

ገዳሪፍ

መንገዱን ሙሉ ሳስበው መጣሁ። የዚያን ጊዜ የዐም ኢድሪስን ቁጣ እንደ ጭቅጭቅ ነበር የምንቆጥረው። ለካ እኚያ ሰው ጫካውን የሚጠብቁት ለእኛ ኖሯል።

አስቴር ቋጠሮውን ፈትታ አሸተተች። "ዘሩስ?"

ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳት።

"ውሃ አጠጣሽው?"

"ከጠርሙሴ የተረፈችውን።"

ያኔ ነው ያለቀሰችው።